የመንኮራኩር ሞዴል ስትገዙ ክብደቱ አያታልላችሁ

ሰው የጠፈር መንኮራኩር ሞዴል እጁ ሲገባ መጀመሪያ መዳፉ ላይ ይመዝነዋል። ከበድ ካለው "ይሄማ ዕቃ ነው" ይላል። ከቀለለው ፊቱ ይቀየራል። እኔ በዚህ አልስማማም። ስታር ዋርስና ስታር ትሬክ በተባሉት የጠፈር ፊልሞች ላይ የምናያቸውን መንኮራኩሮች መሰብሰብ ከጀመርኩ ዓመታት ተቆጥረዋል። ክብደት ስለ ጥራት እውነቱን ሲናገር አላየሁም። ብረት የገባበት ሁሉ ምርጥ አይደለም። ፕላስቲክ የሆነ ሁሉ ርካሽ አይደለም። እንዲያውም ከመደርደሪያህ ላይ አንዱን ብቻ አስቀር ብባል፣ የማስቀረው ከጫፍ እስከ ጫፍ ፕላስቲክ የሆነውን ነው።

የምተዳደረው በህትመት ሥራ ነው። ስለዚህ ዓይኔ ቶሎ የሚያርፈው ቀለም ላይ ነው። አንዱ ቀለም ከሌላው ጫፍ ጋር በትክክል ተገናኝቷል? መስመሩ ቀጥ ብሏል? ደቃቁ ጽሑፍ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ይነበባል? ሌላው የሞተር መብራትና የሚከፈት በር ሲፈልግ እኔ እነዚህን እፈልጋለሁ። ከታች የምጽፈውንም በዚሁ ዓይን አንብቡልኝ።

ገበያው ላይ ያለው ብዙ ነው። ተሠርቶና ተቀብቶ ያለቀ፣ ከካርቶኑ አውጥታችሁ የምታስቀምጡት አለ። ይሄ ብዙውን ጊዜ መዳፍ የሚያክል ነው፤ ከፊሉ ብረት፣ ከፊሉ ፕላስቲክ። ክፍሎቹ ተበታትነው መጥተው እናንተ የምትገጣጥሙትም አለ። ከዚህ ውስጥ ያለ ሙጫ ቀጭ ብሎ የሚገባው አንድ ነገር ነው፤ ሙጫና ቀለም የሚጠይቀው ደግሞ ሌላ። በትንንሽ ተሰኪ ቁራጮች የሚሠራው ሌጎ አለ። በየወሩ ጥቂት ጥቂት ክፍል እየተላከ ዓመትና ከዚያ በላይ የሚፈጅም አለ። እነዚህ አይወዳደሩም የሚል ሰው ይኖራል። አንዲት መንኮራኩር መርጣችሁ እሷኑ በየዓይነቱ ካያችሁ ግን ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

እኔ የምመርጠው የስታር ዋርሷን ሚሊኒየም ፋልከንን ነው። ይቺን መንኮራኩር ያልሠራ ኩባንያ የለም ማለት ይቻላል። ለሞዴል ሠሪ ደግሞ ከባድ ፈተና ናት። ፈተናው ያለው ገላዋ ላይ ነው። ለ1977ቱ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ ነው) የመጀመሪያው የስታር ዋርስ ፊልም የተሠራችው ትልቋ ሞዴል ርዝመቷ አምስት ጫማ፣ ማለትም አንድ ሜትር ተኩል ያህል ነበር። ሠሪዎቹ ገላዋን የሸፈኑት ከሱቅ ከተገዙ የታንክ፣ የመርከብና የአውሮፕላን ሞዴሎች ላይ ቁራጭ እያነሱ በመለጠፍ ነው። ስለዚህ ዛሬ አንድ ኩባንያ ፋልከንን በትክክል ልሥራ ካለ እያንዳንዷን ቁራጭ ለይቶ አሳንሶ መቅረጽ አለበት። ብዙዎቹ ይህን ጣጣ አይፈልጉትም። ከሩቅ ዝርዝር የሚመስል፣ ጠጋ ሲሉት ግን ምንነቱ የማይታወቅ እብጠትና ጉድጓድ ይሞሉባታል።

የፋልከን ሞዴል ሳይ ጣሪያዋን አላይም። ጣሪያው ላይ ሁሉም ይጠበባል። የማየው ጎኗን ነው። የላይኛውና የታችኛው ገላ የሚገናኙበት፣ ቱቦና ሽቦ የታጨቀበት ጠባብ ግድግዳ አለ። ደካማ ሥራ እዚያ ይጋለጣል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ፕላስቲክም ሆነ ብረት የሚቀረጸው በሞልድ፣ ማለትም ቀልጦ በሚፈስበት ቅርጽ ማውጫ ነው። ሞልዱ ደግሞ ተከፍቶ ዕቃው ቀጥ ብሎ መውጣት አለበት። ከቱቦ ጀርባ ያለ ክፍተት በአንድ ቁራጭ ሊወጣ አይችልም፤ ሞልዱ ይይዘዋል። መፍትሔው ግድግዳውን ለብቻው መቅረጽና በኋላ መግጠም ነው። ክፍል ይበዛል፤ ወጪም ይጨምራል። ወጪውን የሸሸ ኩባንያ ቱቦዎቹን ከግድግዳው ጋር ያጣብቃቸዋል። ያኔ ቱቦ መሆናቸው ቀርቶ ወጣ ገባ ያለ መስመር ብቻ ይሆናሉ።

እዚህ ላይ የጃፓኑ ባንዳይ ሥራ አንጀት ያርሳል። የ1/144ቷን ፋልከን ውሰዱ፤ በታሪኩ ካላት መጠን 144 ጊዜ ያነሰችውን ማለት ነው። 24 ሴንቲሜትር ገደማ ናት፤ መካከለኛ መደርደሪያ ላይ በደንብ ትቀመጣለች። ሙጫ አትጠይቅም። ክፍሎቹ ከነቀለማቸው ተቀርጸው ነው የሚመጡት፤ ምንም ሳትቀቧት እንኳ ታምራለች። የጎኗ ግድግዳ ለብቻው ተቀርጾ ስለሚገባ ቱቦዎቹ ጥላ ይጥላሉ። ጥላ መጣሉ ትልቅ ነገር ነው። የተሳለ ጥቁር መስመርና እውነተኛ ጥላ ከግማሽ ሜትር ርቀት ላይ ይለያሉ። ለምልክቶቹ ደግሞ ሁለት አማራጭ ይሰጣሉ፤ ተልጦ የሚለጠፍ ስቲከርና በውኃ ተነክሮ የሚንሸራተት ስስ ዲካል። ውኃውን ምረጡ። ስቲከሩ ጠርዙ ይታያል፤ ዲካሉ ግን ከደረቀ በኋላ እንደተቀባ ይመስላል።

ይኸው ኩባንያ በ2017 ያወጣት የ1/72 ፋልከን ሌላ ዓለም ናት። 48 ሴንቲሜትር ገደማ ትረዝማለች፤ መብራትም አላት። የተሠራችው የመጀመሪያውን ፊልም ሞዴል ተከትላ ነው። አንድ ምልክት ልንገራችሁ። በ1977ቱ ፊልም ፋልከን የምትቆመው በሦስት እግር ነበር፤ በ1980ው ተከታይ ግን እግሮቿ አምስት ሆኑ። ሞዴል ስታዩ ሆዷን ገልብጣችሁ እግሮቿን ቁጠሩ። ሠሪው የትኛዋን ፋልከን እንደተከተለ ወዲያው ታውቃላችሁ። የአንዷን ጣሪያ ከሌላዋ ሆድ ጋር ያዳቀሉ ሞዴሎችም አሉ። እነዚያን እተዋቸዋለሁ።

ታዲያ ትልቋ ለዋጋዋ ትመጥናለች? እንደ ዕቃ ከተባለ እንከን የላትም። ዋጋዋ ግን የሚቀመስ አይደለም። የትንሿን ዋጋ ብዙ እጥፍ ትከፍላላችሁ። የምታገኙት ዝርዝር ግን የዚያኑ ያህል እጥፍ አይሆንም። ትልቋን የምመክረው ለአንድ ዓይነት ሰው ብቻ ነው፤ 1/72 የሆኑ ሌሎች መንኮራኩሮች ላለው። ባንዳይ ኤክስ ዊንግንም በዚሁ መጠን ሠርቷታል፤ 17 ሴንቲሜትር ገደማ ናት። ሁለቱን ጎን ለጎን ስታቆሟቸው አንዷ ተዋጊ፣ ሌላዋ የጭነት መርከብ መሆኗ በዓይን ይታያል።

ሌጎን በተመለከተ ሰው ይቀየመኛል። የ2017ቷ ትልቋ ፋልከን 7541 ቁራጭ አላት። ስትወጣ ከሌጎ ሁሉ በቁራጭ ብዛት አንደኛ ነበረች። በ2007 የወጣችው ቀዳሚዋ 5197 ነበራት። ርዝመቷ 84 ሴንቲሜትር ያህል ስለሆነ ለእሷ ብቻ ጠረጴዛ ያስፈልጋል። የምትከፍሉት ገንዘብ የሚሄደው ለመሥራቱ ደስታ ነው። ያ ደስታ እውነተኛ ነው፤ ማታ ማታ ተቀምጦ አንድ ከረጢት መጨረስ የማይወድ ማን አለ? ከሥራ በኋላ ጭንቅላት የሚያሳርፍ ነገር ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ አላውቅም። መልክ ለሚፈልግ ግን የሌጎ ገላ ሁልጊዜ ሌጎ ነው። ክቡ ገላዋ በጠፍጣፋ ቁራጮች ስለተሠራ በመካከላቸው ክፍተት አለ። በጎን በኩል ብርሃን ሲመታት ክፍተቶቹ ከገላዋ ዝርዝር በላይ ይጎላሉ። ስለዚህ እንደ ሥራ ከገዛችኋት ገንዘቧን ታወጣለች። እንደ ምስል ከሆነ ግን ትንሿ የባንዳይ ፋልከን ትበልጣታለች።

በየወሩ የሚላከውስ? ዴአጎስቲኒ የተባለው ኩባንያ ያወጣት ፋልከን በ100 እትም የምታልቅ ነበረች። መነሻዋ ለ1980ው ፊልም የተሠራችው ባለ 32 ኢንች ሞዴል ስትሆን፣ መጠኗም ከዚያችው ጋር እኩል ነው፤ 80 ሴንቲሜትር ገደማ። ውስጧ የብረት አፅም አለ። ክፍሎቹ ተቀብተው ይመጣሉ። እውነት ለመናገር ካየኋቸው ትልልቅ ፋልከኖች ሁሉ ለፊልሙ የምትቀርበው እሷ ናት። ችግሩ አከፋፈሉ ላይ ነው። በየወሩ የሚከፈለው ትንሽ ይመስላል። ሲደመር ግን ከሌጎዋ በእጅጉ ይበልጣል። ሌላም ነገር አለ፤ ኩባንያው እስከ መጨረሻው ይቆያል ብሎ ማመን ያስፈልጋል።

ይህን የምለው በምክንያት ነው። የእንግሊዙ ኩባንያ ኢግልሞስ ከ2013 ጀምሮ የስታር ትሬክ መንኮራኩሮችን በተከታታይ አወጣ። ከመቶ በላይ ዓይነት ሠራ። በፊልሙ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ብቅ ያለች፣ ማንም ሠርቷት የማያውቅ መንኮራኩር ሳትቀር አብራ ወጣች። ለሰብሳቢ ይህ ትልቅ ውለታ ነበር። በ2022 ኩባንያው ከሰረ። እየተላከላቸው ትልቅ ሞዴል ይገጣጥሙ የነበሩ ሰዎች ግማሽ መንኮራኩር ይዘው ቀሩ። ትንንሾቹን የገዛ ሰው አልተጎዳም፤ እያንዳንዷ ራሷን የቻለች ነበረች። እኔ ከዚያ ወዲህ ያለኝ አቋም ይህ ነው፤ ዛሬ የከፈልኩበት ነገር ዛሬ ሙሉ መሆን አለበት።

አሁን ወደ ስታር ትሬኳ ዋና መንኮራኩር፣ ወደ ኢንተርፕራይዝ ልምጣ። በጣም የምወዳት እሷን ስለሆነ ትንሽ ታገሡኝ።

ኢንተርፕራይዝ ከፋልከን ጋር ተቃራኒ ናት። ፋልከን በዝርዝር ብዛት ትፈትናለች። ኢንተርፕራይዝ ደግሞ ገላዋ ልሙጥ ስለሆነ የሚደበቅ ነገር የላትም። ከፊት ክብ ሰሃን፣ ከሥሩ ቀጭን አንገት፣ ከኋላ ሁለት ረጃጅም ሞተሮች በቀጫጭን ክንዶች ላይ። አንዱ ሞተር በአንድ ሚሊሜትር ቢያዘነብል ዓይን ወዲያው ይይዘዋል። ስለዚህ የምፈትናት እንዲህ ነው። ዓይኔ ከሰሃኑ ጠርዝ ጋር እኩል እስኪሆን ዝቅ እላለሁ። ሰሃኑ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ ሲታየኝ ከኋላው ያሉትን ሞተሮች አያለሁ። ሁለቱ ከመስመሩ እኩል ከፍ ማለት አለባቸው። ከዚያ ከላይ ወደ ታች አያታለሁ። ሁለቱ ሞተሮች ጎን ለጎን ሲሄዱ መቀራረብም መራራቅም የለባቸውም።

ክብደት የሚያታልለውም እዚህ ላይ ነው። ተሠርተው በሚሸጡ ብዙ ኢንተርፕራይዞች ሰሃኑ ብረት ነው፤ ክንዶቹና ሞተሮቹ ፕላስቲክ። እጅ ላይ ስትከብድ ደስ ትላለች። ፕላስቲኩ ግን ቀጭን ነው። ካርቶኑ ውስጥ ያለው ማቀፊያ በትክክል ካልያዘው በመንገድ ላይ ይጣመማል። ስሙን የማልጠራው አንድ ኩባንያ የግራ ሞተሯ ወደ ውጭ የከፈተች ኢንተርፕራይዝ ልኮልኝ ነበር። ፎቶ አንስቼ ጻፍኩላቸው። የሰጡኝ መልስ "በምርት ሂደት የሚያጋጥም መጠነኛ ልዩነት ነው" የሚል ነበር። እጅግ አዘንኩ። ስለ ኢንተርፕራይዝ ሲሆን ይህ መጠነኛ ልዩነት አይባልም። መልኳ ማለት የሞተሮቿ ቀጥታ ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ ከደረሳችሁ ክንዱን በደንብ በሞቀ ውኃ ውስጥ አቆዩት፤ ቀስ አድርጋችሁ አቅኑትና ቀዝቃዛ ውኃ አፍስሱበት። የፈላ ውኃ ግን አትጠቀሙ፤ ቀለሙን ያነሳዋል።

ስለ ቀለሟ ደግሞ ብዙ ማለት ይቻላል። ለ1960ዎቹ የቴሌቪዥን ተከታታይ የተሠራችው ትልቋ ሞዴል 3.4 ሜትር ያህል ትረዝማለች። ከ1974 ጀምሮ በአሜሪካው ስሚዝሶኒያን እጅ ናት፤ ዛሬ ዋሽንግተን ባለው የአየርና የጠፈር ሙዚየም ትታያለች። በ2016 ታድሳለች። አዳሾቹ ትክክለኛውን ቀለም የለዩት በቀደሙት እድሳቶች ሳይቀባ ከቀረው ከሰሃኑ የላይኛው ገጽ ተነስተው ነው። አንዱን ሞዴል ነጭ፣ ሌላውን ሰማያዊ ያዘለ ግራጫ፣ ሦስተኛውን አረንጓዴ ያዘለ ሆኖ ብታገኙት አትገረሙ። የስቱዲዮ መብራት ቀለሟን ይቀያይረው ነበር፤ ኩባንያዎችም ያዩትን ተከትለው ቀብተዋል። እኔ የምመርጠው ወደ ግራጫ የሚያደላውን ነው። ነጩ ፎቶ ላይ ያምራል፤ መደርደሪያ ላይ ግን ባዶ ይሆናል።

ስለዚያች ትልቅ ሞዴል የሚያስደስተኝ ሌላም ነገር አለ። የመብራት ሽቦዎቹ የሚወጡት በግራ ጎኗ ነበር። ስለዚህ የምትቀረጸው በቀኝ በኩል ነው። ግራ ጎኗ እንደ ቀኟ አልተጠናቀቀም። ዛሬ የሚሸጥ ሞዴል ሁሉ ግራ ጎኑን የሚሞላው ቀኙን ገልብጦ ነው ማለት ነው። ጥሩ ሠሪና ሰነፍ ሠሪ የሚለዩት እዚህም ላይ ነው። ጥሩው መስኮቶቹን በሁለቱም ወገን በእኩል ጥንቃቄ ያሳርፋል። ሰነፉ ለካርቶኑ ፎቶ የሚሆነውን ቀኙን ብቻ ያሳምራል።

የ1979ኙ ፊልም ኢንተርፕራይዝ ደግሞ የሠሪዎችን ወገብ የምትፈትን ናት። የፊልሙ ሞዴል ገላ በሚያብለጨልጭ ቀለም ተቀብቶ ነበር። ቀለሙ ገላዋ ላይ የሚሠራው እርስ በርስ የተሰካኩ ትንንሽ ቅርጾችን ነው፤ ብርሃን ሲዞርባቸው አንዱ ይደምቃል፣ ሌላው ይደበዝዛል። ቀጥ ብላችሁ ስታዩት ምንም የለም። ዘንበል ስትሉ ብቅ ይላል። ተሠርተው የሚሸጡት ትንንሾቹ ይህን በግራጫ ቀለም ያትሙታል። ያኔ በየትኛውም ብርሃን የማይለወጥ ጥልፍ ይሆናል። አንዱን በአጉሊ መነጽር ስመለከት ያየሁትን ልንገራችሁ። ሰሃኑ ወደ ጠርዙ ማጎንበስ ሲጀምር ህትመቱ ተለጥጧል። መስኮቶቹ ሲቀረጹ ትንንሽ ጎድጓዳ ቦታ ተሠርቶላቸዋል፤ የታተመው ጥቁር ነጥብ ግን ጉድጓዱ ውስጥ አልገባም፣ አጠገቡ ነው ያረፈው። ስለዚህ እያንዳንዱ መስኮት ሁለት ሆኗል፤ አንዱ ጉድጓድ፣ ሌላው ነጥብ። ዓይን ከሩቅ ይህን አይለየውም። "የሆነ ነገር ጠፍቷታል" ብሎ ያልፋል። የጠፋት ይሄ ነው።

ለዚች መንኮራኩር የኔ ምርጫ ፖላር ላይትስ የተባለው ኩባንያ የሚያወጣቸው፣ የሚገጣጠሙ የፕላስቲክ ክፍሎች ናቸው። በ1/1000 መጠን ስትሠራ 30 ሴንቲሜትር ገደማ ትሆናለች። ሙጫና ቀለም ትጠይቃለች። ለጀማሪ ከባንዳይ ትከብዳለች፤ መጋጠሚያዎቹን በብርጭቆ ወረቀት ማስተካከል አለ። ግን ሞተሮቹን የምታቀኑት እናንተ ናችሁ። ሙጫው እስኪደርቅ ካርቶን ቆርጣችሁ ሞተሮቹን ደግፉ፤ ቀጥ ይላሉ። ፋብሪካ ያልሰጣችሁን ቀጥታ በእጃችሁ ታገኙታላችሁ። በዚሁ መጠን ሌሎች የስታር ትሬክ መንኮራኩሮችም ስላሉ አብረው ይቆማሉ።

የ1/350ዋ ግን 80 ሴንቲሜትርን የምታልፍ ግዙፍ ናት። ቀለሟን በትክክል ለማምጣት የቀለም መርጫ መሣሪያና ብዙ ትዕግሥት ይፈልጋል። መብራት የሚያስገባባት ሰው አንድ ነገር እንዳይረሳ። ፕላስቲኩ ብርሃን ያሳልፋል። ውስጡን መጀመሪያ ጥቁር፣ ከዚያ ብርማ ቀለም ቀቡት። አለበለዚያ መስኮቶቹ ብቻ ሳይሆኑ ሰሃኑ በሙሉ እንደ ፋኖስ ይበራል።

መጠን የሚባለውን ነገር ብዙ ሰው አያስብበትም። ተሠርተው የሚሸጡ ስብስቦች አብዛኛውን ጊዜ መንኮራኩሮቹን ሁሉ ለአንድ ካርቶን እንዲበቁ አድርገው ነው የሚያሳንሷቸው። አንድ ሰው የሚያበራት ተዋጊና ከተማ የምታክል መርከብ እኩል ይሆናሉ። ለአንዳንዱ ይህ ችግር አይደለም። ለእኔ ግን ነው። ይህን ስል ሁሉንም በአንድ መጠን ሰብስቡ ማለቴ አይደለም፤ አይቻልም። የስታር ዋርሷ ግዙፍ የጦር መርከብ ስታር ዲስትሮየር በታሪኩ 1600 ሜትር ናት። በ1/72 ብትሠራ 22 ሜትር ትሆናለች። ባንዳይ በ1/5000 ነው የሠራት፤ 32 ሴንቲሜትር ናት። ተዋጊዎቹን በአንድ መደርደሪያ፣ ግዙፎቹን በሌላ አድርጉ። ይበቃል።

በጣም ርካሾቹንም አልንቅም። የሆት ዊልስ ትንንሽ የብረት መንኮራኩሮች፣ በ1990ዎቹ የወጡት የጋሉብ ማይክሮ ማሽንስ፣ በኋላ ጃዝዌርስ ያወጣቸው ትንንሾች፣ ሁሉም የልጅ መጫወቻ ተብለው ነው የሚሸጡት። ከመሃላቸው ቅርጻቸው ከትልልቆቹ የሚስተካከል አለ። ቀለማቸው ጥቂት ነው፤ ዝርዝራቸው ይወፍራል። ግን ፈዛዛ ጥቁር ቀለም ገላቸው ላይ አፍስሳችሁ ወዲያው በጨርቅ ብትጠርጉት፣ ቀለሙ መስመሮቹ ውስጥ ይቀርና ሌላ ዕቃ ይሆናሉ። መሰብሰብ የሚፈልግ፣ ኪሱ ግን የማይፈቅድለት ሰው ከዚህ ቢጀምር አሪፍ ነው።

ወደ ብረቱ ልመለስና ስለ ዕድሜው ላንሳ። "ብረት ዘላለም ይኖራል" የሚለው ወሬ ትክክል አይደለም። ለሞዴል የሚውለው በአብዛኛው ዚንክ የበዛበት ቅይጥ ነው። ቅይጡ ውስጥ እርሳስ ከገባ በጊዜ ብዛት ከውስጥ መሰንጠቅ ይጀምራል። ያብጣል፤ ይፈረካከሳል፤ መድኃኒት የለውም። ጥንቃቄ ባለበት ፋብሪካ ይህ ብዙ አይታይም፤ ግን አለ። ብረት ሌላም ጉድለት አለበት። ከሞልድ ሲወጣ ግራጫ ስለሆነ መቀባቱ ግድ ነው። ቀለሙ ሲደራረብ ቀጫጭን መስመሮችን ይሞላቸዋል። ፕላስቲክ ግን ከነቀለሙ ሊቀረጽ ስለሚችል መስመሩ ስል እንደሆነ ይቀራል። የፕላስቲክ ጠላት ፀሐይ ናት። ነጭና ግራጫው መስኮት አጠገብ ከቆየ ይበልዛል። መደርደሪያውን ቀጥተኛ ፀሐይ ከማይደርስበት ግድግዳ ላይ አድርጉት።

ባትሪ ያለው ሞዴል ካላችሁ መብራቱን በማትጠቀሙበት ጊዜ ባትሪውን አውጡ። ባትሪ ሲያፈስ መገናኛውን ይበላዋል። ስትገዙም የባትሪው ክዳን የት እንደሆነ እዩ። መንኮራኩሯን ከመቆሚያዋ ሳትነቅሉ ካልተከፈተ፣ በየጊዜው ስትነቅሉና ስትሰኩ መያዣው ይላላል።

መቆሚያ ሰዎች ከሚገምቱት በላይ ዋጋ አለው። ጥሩ መቆሚያ መንኮራኩሯን የሚይዛት ከሥር በአንድ ጉድጓድ ነው። ደካማው ደግሞ በሁለት የፕላስቲክ ጣት ጠርዟን ይቆነጥጣታል። የሚቆነጥጠው በጊዜ ብዛት ቀለሟን ያነሳል። ብርሃን አሳላፊ የሆነው ቀጭን ዘንግ ደግሞ ከባድ የብረት መንኮራኩር ከተጫነበት ያጎነብሳል። አያችሁ፣ ክብደቱ እዚህም ጠላት ሆነ።

ሁለተኛ እጅ የምትገዙ ከሆነ፣ እኔም ብዙዎቹን ያገኘሁት እንደዚያ ነው፣ የላይኛዋን ፎቶ ብቻ አይታችሁ አትክፈሉ። ሻጩን ሦስት ፎቶ ጠይቁት። አንዱ ከፊት፣ ካሜራው ከሰሃኑ ወይም ከክንፉ ጋር እኩል ሆኖ። ሁለተኛው ሆዷን፣ ብሎኖቹ መከፈት አለመከፈታቸው እንዲታይ። ሦስተኛው የመቆሚያው መያዣ ብቻውን። ኢግልሞስን የመሰሉ ተቋርጠው የቀሩ ስብስቦች ላይ መያዣው እያንዳንዱ ለአንዲት መንኮራኩር ብቻ የተቀረጸ ነው፤ ከጠፋ ምትኩን ማግኘት ከባድ ነው። ካርቶኑ ባይኖር ግድ የለም፤ መያዣው ከሌለ ግን ዋጋው መውረድ አለበት። "ፎቶ ማንሳት አልችልም፣ ዕቃው ግን ንጹሕ ነው" ካላችሁ ተዉት፤ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።